ስሙ ያልታወቀ ልብስ ሰፊ

ይድረስ ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ወገብሽ ተሻለሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ በጤናችን ምንም አልሆንም። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ፣ እህል አልዋጥ ብሎኝ ነው የምጽፍልሽ።

ሰፈራችን መፍረሱን ሰምተሻል። ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሰሪው፣ አዋላጇ ሰባ ዓመት ከአንድ ቧንቧ የቀዱበት ሰፈር በሦስት ቀን ሜዳ ሆነ። እኛን በዕጣ በታተኑን፤ አዋላጇን ከከተማው ወዲያ ማዶ ወስደው ጣሏት። በቦታው ሆቴል ሠሩና ዓይናቸውን በጨው አጥበው በሰፈራችን ስም ጠሩት።

ከመፍረሱ በፊት «የሰፈሩን ታሪክ እንሰብስብ» ብለው የመጡ ሰዎች ነበሩ። እኔ ሞኙ ያንን ያለንን አንድ ፎቶ፣ አባባ ስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ የተነሣውን፣ አውጥቼ ሰጠኋቸው። በጀርባው ስሙን ከነአያቱ ጽፌበታለሁ። ባለፈው ሳምንት ሆቴሉ ገባ ብል አባባ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ «ስሙ ያልታወቀ ልብስ ሰፊ» ይላል። የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ያለበሰ ሰው፣ ሰላምታ ሲመልስ ምሳው የሚቀዘቅዝበት ሰው፣ ስሙ ያልታወቀ።

ሥራ አስኪያጁን ጀርባውን ገልብጠህ እይ አልኩት። በማስቲሽ ተለጥፏል፣ ከተነካ ይቀደዳል አለኝ። ስሙን ልንገርህና ጻፈው ስለው ከቀበሌው መዝገብ ማስረጃ አምጣ አለ። መዝገቡን ከነጽሕፈት ቤቱ ያፈረሱት እነሱ ናቸው። ጭራሽ ውለታ የሚውልልኝ ይመስል «ካስከፋህ እናወርደዋለን» አለኝ። አንገቱን ብይዘው ደስ ባለኝ።

እናታችን ወሬውን ሰምታ ካልወሰድከኝ ብላ ያዘችኝ። ፊደል እንዳልቆጠረች ታውቂያለሽ። ምን ይላል ብላ ስትጠይቀኝ የአባባን ስም ከነአያቱ አነበብኩላት። የፎቶውን መስታወት በመዳፏ ጠረገችው። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዳ ጎንበስ ብላ አመሰገነችው፣ ልጅ ይውጣልህ ብላ መረቀችው። እሱም አሜን አለ።

ባለቤቴ ናፍቃሻለች፣ ልጆቼም አክስታቸውን እጅ ነስተዋል። ለባለቤትሽና ለልጆችሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እናታችን «አባትሽን በስሙ ሰቅለውልናል በላት» ብላለች። እሑድ ትደውልልሻለች። እባክሽ እትዬ፣ ደስ ያለሽ ምሰዪ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከዕጣው ቤት፣ አምስተኛ ፎቅ
ጥር ፱ ቀን