በተሳቢው ላይ የሠራሁት መርከብ

ይድረስ ለእትዬ ትሩፋት፣ ኮምቦልቻ።

እናትም እኅትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ፣ ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ካለሽበት ይግባ። እንደምን ከረምሽ? ያ ትከሻሽን ሰንጎ የሚይዝሽ ሕመም ለቀቅ አደረገሽ? አማትሽ እማማ ዓለምዘውድስ እንደምን ናቸው? ዓይናቸውን ታዩ ወይስ ዛሬ ነገ እያሉ ነው? ብርቅዬና ፍቃዱ ትምህርታቸውን ይዘዋል? የበልጉ ዝናብስ ጣለላችሁ? እዚህ እንኳን ዝናብ የደመና ጥላም የለ። ሙቀቱ ገና ግንቦት ሳይጋመስ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ይመስል ከቤት ስንወጣ ፊታችንን ይመታናል። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ።

እትዬ፣ ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ እባክሽ ተቀመጪ። ባለቤትሽ ጋሽ ውድነህ በሕይወት አሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ከአስታማሚው ሁሉ ጋር ይቀልዳሉ። ነገር ግን ግራ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል። ከባልደረቦቻቸው ቀርተው አሰብ የሰነበቱትም ለዚህ ነው። የሰበራቸው እኔ የሠራሁት ማሽን ነው። እሳቸው «ሸራ ሲያስሩ ከመኪና ላይ ወደቁ ብለህ ጻፍላት፤ ባሳደገችህ እጇ እንድትራገምህ አልፈልግም» ብለውኝ ነበር። እንዳሉኝ ልጽፍ ተቀምጬ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ እነግርሻለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሠራተኞች ቀን ሰልፍ ነው። የምሠራበት የወደቡ ጋራዥ አንድ ትልቅ መርከብ በመኪና ተሳቢ ላይ ሠርቶ በሰልፉ እንዲያልፍ ታዘዘ። አናጢዎቹ ስለ ጣውላውና ስለ ሸራው ሲነጋገሩ እኔ ከመሃል ተነሥቼ «ዝም ብሎ የሚጎተት መርከብ ምን ያደርጋል? ማዕበል ላይ እንዳለ እየተወዛወዘ እንዲያልፍ አደርገዋለሁ» አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። የጋራዡ አለቃ አቶ ጉግሳ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «ትችላለህ?» አሉኝ። እችላለሁ አልኩ።

መጋዘን ጓሮ የተጣለ በባትሪ የሚሠራ ፎርክሊፍት የሚባል የጭነት ማንሻ መኪና ነበረ። ሁለት ሞተሮቹን አወጣሁ። የመርከቡን ወለል በተሳቢው መሃል በብረት ዘንግ ላይ አስቀመጥነውና አንዱ ሞተር ወደ ጎን እንዲያዘነብለው፣ ሌላው አፍንጫውን ብድግ ዝቅ እንዲያደርገው አደረግን። ከባዱ ይኼ አልነበረም። ሞተር ከባትሪ ጋር በቀጥታ ከተገናኘ እንደ ደነበረ በቅሎ ነው የሚነሳው። ቀስ ብሎ የሚያስነሳው፣ ቀስ ብሎ የሚያስቆመው፣ ኮረንቲውን እየቆነጠረ የሚሰጠው ሣጥን ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ሣጥን አሰብ ቀርቶ አዲስ አበባም ተገዝቶ አይገኝም። እኔ ራሴ ሠራሁት።

ከተጣሉ የመርከብ ሬዲዮኖች ትራንዚስተር ለቀምኩ። ትራንዚስተር ማለት ከክብሪት ቀፎ የሚያንስ ብረት ለበስ ዕቃ ነው፤ በትንሽ ኮረንቲ እየታዘዘ ትልቁን ኮረንቲ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ብዙዎቹን ጎን ለጎን በወፍራም የአሉሚኒየም ላሜራ ላይ በቡሎን አሰርኳቸው፤ ላሜራው ሙቀታቸውን እንዲጠጣላቸው። መጀመሪያ በሞተሩ ፋንታ የመኪና የፊት መብራት አምፖል አገናኘሁበት። አምፖሉ እንደሚተነፍስ ሰው ቀስ እያለ ደመቀ፣ ቀስ እያለ ፈዘዘ። እትዬ፣ ያን ቀን ብታዪኝ! ብቻዬን እየሳቅሁ ጋራዡን ዞርኩት። ቀጥሎ ሞተሩን ለብቻው፣ ከዚያ መርከቡን የአሸዋ ጆንያ ጭኜ ሞከርኩ። ጥዖ ከምትባል የባሕር ዳር መንደር የመጣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ቆሞ አይቶ «ጀልባ እንዲህ አይቸኩልም፤ ሲያዘነብል ጥቂት ያስባል» አለኝ። እሱ እንዳለው አዘገየሁትና እውነተኛ ባሕር ላይ ያለ መሰለ።

በሙከራው መሃል ትራንዚስተር ይቃጠልብኝ ነበር። «ጠቅ» ይልና ሽታው ይወጣል። ሲቃጠል ደግሞ የሚብሰው ነገር ተዘግቶ አለመቃጠሉ ነው፤ እንደ ፈነዳ ቧንቧ ኮረንቲውን ሁሉ ያለ ልክ ይለቀዋል። ይህን አውቅ ነበር። ስለዚህ በንድፌ ላይ ባትሪውን ከነገመዱ የሚቆርጥ ትልቅ ማጥፊያ ሥዬ ነበር። የሚሆን ማጥፊያ በቀላሉ አልገኝ ሲል፣ ሰልፉም እየቀረበ ሲመጣ፣ ሣጥኑን ብቻ የሚያጠፋ፣ የባትሪውን ኮረንቲ የማይቆርጥ ትንሽ ማጥፊያ አድርጌ አለፍኩ። የተቃጠሉትንም ለማንም ሳልናገር እየቀየርኩ ደበቅኳቸው። ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» እያለ ይጠራኝ ጀምሮ ነበርና ያ ስም እንዲቀርብኝ አልፈለግሁም። ሌላም አለ። ሁልጊዜ የምሞክረው በማለዳ፣ በጋራዡ ጥላ ሥር ነበር። በአሰብ ፀሐይ በቀትር ሞክሬው አላውቅም።

ጋሽ ውድነህ በዚያ ሰሞን ጭነት ወረፋ እየጠበቁ ነበር። በየቀኑ እየመጡ ሥራዬን ያያሉ፤ ለሾፌር ጓደኞቻቸውም «የሚስቴ ወንድም ነው፣ እኔ ቤት ነው ያደገው» እያሉ ያሳዩኛል። መርከቡን ባዩት ጊዜ «ይኼ ካፒቴን ያስፈልገዋል» አሉና ነጭ ቆብ ከየት እንዳመጡ እንጃ ደፍተው ብቅ አሉ። አቶ ጉግሳም ሳቁና «እንግዲያው እርስዎ ይሁኑ» አሏቸው።

የሰልፉ ዋዜማ ከቀትር በኋላ የመጨረሻ ልምምድ ተደረገ። የሠራተኞቹ ቤተሰብ ልጃገረዶች ሊዘምሩ መርከቡ ላይ ወጡ፤ ጋሽ ውድነህ ከፊት፣ የቢሮው ታይፒስት አባይነሽ ባንዲራ ይዛ ከጎናቸው። ሣጥኑ ፀሐይ ላይ ነበር። መርከቡ ሲወዛወዝ ያየው ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ ሴቶቹም እልል አሉ። ያን ጊዜ ያችን «ጠቅ» ሰማኋት። ከእኔ በቀር የሰማት የለም። ሞተሩ አገሣ፤ ወለሉ ወደ ግራ ተጣለ፣ ሳያርፍ ወደ ቀኝ ተወረወረ። ማጥፊያዬን ተጫንኩ። አልቆመም። ደግሜ ተጫንኩ። እንደማያቆመው እያወቅሁ መላልሼ ተጫንኩ። ልጃገረዶቹ እየጮኹ ወረዱ፣ የወደቁም ነበሩ፤ አባይነሽ ግን ተንሸራትታ ወደ ዳር ሄደች። ጋሽ ውድነህ በቀሚሷ ያዟትና ወደ ሰዎቹ ወረወሯት። እሳቸው ሲመለሱ እግራቸው በወለሉና በተሳቢው ብረት መካከል ገባ። አቶ ጉግሳ ሮጠው የባትሪውን ገመድ በባዶ እጃቸው መንጭቀው ባይነቅሉት ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልችልም። መዳፋቸው ተቃጥሏል። እኔ ጣቴን ከማጥፊያው ላይ ሳላነሣ ቆሜ ነበር።

አሁን የምነግርሽ ከሁሉ የባሰው ነው። ይህን ጋሽ ውድነህም አያውቁም። ሰው ሁሉ እሳቸውን ተሸክሞ ወደ ሐኪም ቤት ሲሮጥ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ካቻቪቴዬን አውጥቼ ሣጥኑን ከፈትኩ። የቱ ትራንዚስተር እንደተቃጠለ ማወቅ ፈልጌ ነው። አንድ በአንድ ፈተሽኩና ዳር ያለውን፣ ፀሐይ ያረፈበትን አገኘሁት። እትዬ፣ ባገኘሁት ጊዜ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ! ቀና ስል የጋሽ ውድነህ አንድ ጫማ መሬት ላይ ወድቆ አየሁ። እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ የእግራቸው መሰበር ብቻ አይደለም፤ ያ ደስታዬ ነው።

ሐኪም ቤት ስደርስ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ልጅቷ ተረፈች?» ብለው ነው። ተርፋለች አልኳቸው። ቀጥለው «ሣጥንህ ምን ሆነ?» አሉኝ። አልጋቸው ጫፍ ተቀምጬ አስረዳኋቸው፤ ላብ በግንባራቸው እየወረደ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «በል፣ አንተም አልበላህም መሰለኝ» ብለው ከመጣላቸው ምግብ አጎረሱኝ። ከዚያች ጉርሻ ይልቅ በጥፊ ቢመቱኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግሥቱ ሰልፉ አልቀረም። መርከቡ ሳይነቃነቅ አለፈ፤ ሰው ግን ምንም ሳያውቅ አጨበጨበለት። ከመድረኩ ስሜ ተጠርቶ ስለ ሥራ ፈጠራዬ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። አልቀበልም ማለት እችል ነበር። ሄጄ ጨብጬ ተቀበልኩ። አቶ ጉግሳ በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊት ረድፍ ያዩኝ ነበር፤ አላጨበጨቡም።

ከጥቂት ቀን በኋላ የአባይነሽ እናት ወይዘሮ አመለወርቅ ምግብ ይዘው ጋሽ ውድነህን ሊጠይቁ መጡ። እግራቸውን ካልሳምኩ ብለው ሲታገሉ እኔ እዚያው ወንበር ላይ ነኝ። «ይኼን የሰው መፍጫ የሠራው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ውድነህ ወደ እኔ ሳያዩ «ጋራዡ ነው፣ የብዙ ሰው ሥራ ነው» አሏቸው። እኔም ጄሶውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ወይዘሮዋ ተሰናብተው ሲወጡ ግን መቀመጫው እንደ እሳት አቃጠለኝ፤ ሮጬ በሩ ላይ ደረስኩባቸውና «እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኳቸው። ጥቂት አዩኝ። «አውቃለሁ፤ ልጄ ነግራኛለች። እዚያ ውስጥ ሆነህ ትናገራለህ ብዬ ነበር የጠየቅሁት» አሉኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ለአንቺ በሸራው ማሳበብ የማልችለውም ከዚያ ወዲህ ነው።

አቶ ጉግሳም አንድ ቀን ጠሩኝና «ሳትጨርሰው አትተወውም» አሉኝ። የባትሪውን ገመድ የሚቆርጥ ማጥፊያ ከመዳብ ላሜራ በእጄ ሠራሁ፤ ወለሉ ላይ የቆመ ሰው በገመድ ስቦ እንዲያጠፋው አደረግሁ። ልሞክረውም በቀትር ፀሐይ ብቻዬን መርከቡ ላይ ወጣሁ። ሆን ብዬ በሣጥኑ ውስጥ ያንኑ ትራንዚስተር እንደ ተቃጠለ ኮረንቲውን ያለ ልክ እንዲለቅ በሽቦ አገናኝቼው ነበር። ወለሉ ሲወረውረኝ ጋሽ ውድነህ የቆሙበትን ቦታ በጉልበቴ አወቅሁት። ገመዱን ሳብኩ። ወዲያው ቆመ። አቶ ጉግሳ ከታች ሆነው «መጀመሪያ የሚሠራው ይኼ ነበር» አሉ። እኔም «አዎ» አልኩ። የዚያን ቀን ደስ አላለኝም።

ሐኪሙ አጥንቱ እየያዘ ነው ይላል። ጄሶው ግን ገና ይቆያል፤ ከዚያም በኋላ ከባድ የጭነት መኪና ፍሪሲዮን ለመርገጥ ይበቃ እንደሆነ ወደፊት እናያለን ነው ያለው። መኪናቸውን ለሌላ ሾፌር ሰጥተውባቸዋል። ይህን ሲነግሯቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ሲያዝኑ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የሚመጣው ሳምንት ጓደኛቸው ወልደየሱስ በጋቢናው አጋድሞ ያመጣልሻል። በማንዳና በሚሌ በረሃ እግራቸውን ደግፎ የሚይዝ ሰው ስለሚያስፈልግ እኔም ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ይህን ደብዳቤ ቀድሞ በሚነሳ ሾፌር እጅ የላክሁት ጄሶውን በድንገት እንዳታዪው፣ እኔንም ሳታውቂ ስመሽ እንዳትቀበይኝ ብዬ ነው። ጋሽ ውድነህን እስከ በሩ አደርሳቸዋለሁ። ግባ ካልሽኝ እገባለሁ፤ ካላልሽኝም ከወልደየሱስ ጋር መኪናው ውስጥ አድራለሁ፣ አልቀየምሽም። ቢከፋሽም የሚገባኝ ነው።

ለእማማ ዓለምዘውድ ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም ብያለሁ በይልኝ፤ ልጃቸው በሕይወት እንዳለ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ የቀረውን በኋላ። ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ወርቅዬና ለቤተሰባቸው ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ለፍቃዱ፣ አባቱ ሲገቡ ዘሎ እንዳይጠመጠምባቸው፣ በቀኝ በኩል ብቻ እንዲያቅፋቸው ንገሪው። ብርቅዬን ስሚልኝ። ያ ነጭ ነገር ምንድነው ብላ እንደምትጠይቅ አውቃለሁ፤ አባትሽ እግራቸውን አሟቸዋል ብቻ በያት። ማን እንደሰበረው እኔው ራሴ እነግራታለሁ፤ እሱን ለእኔ ተይልኝ።

ወንድምሽ ስለሺ

አሰብ
ግንቦት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.