ደወል ላልጮኸበት ክፍል የተሸለመው ዋንጫ

ለተከበሩ የነርሲንግ ኮሌጅ ዲን፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔማ ጤና እንዳይጎድልብዎ ስጸልይ ነው የምውለው፤ እርስዎ ባሠለጠኗቸው ተማሪዎች እጅ መውደቅን ለማንም አልመኝም።

ከዘጠነኛ ክፍል ጥዬ የወጣሁ ልጅ ነኝና፣ «የጥራት ማሻሻያ በጨዋታ» የሚሉት ትምህርትዎ በደንብ ባይገባኝ አይፍረዱብኝ። እንደሰማሁት መጀመሪያ ተማሪዎቹን አዳራሽ ውስጥ ክብ ሠርተው ኳስ እንዲቀባበሉ አደረጉ፤ ኳሷ ሳትወድቅ ቶሎ የምትዞርበትን ዘዴ በየዙሩ እየፈለጉ ተሻሻሉ። እሰይ! ኳሷ አልወደቀችም። የወደቀችው እናቴ ናት።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ፦

አንደኛ፣ ጨዋታውን ወደ ሕሙማን ክፍል ስላመጡልን። «ታማሚ ብዙ የማይደውልበት ክፍል ያሸንፋል፤ ሳይጠራችሁ ቀድማችሁ ድረሱለት» አሉ አሉ። ተማሪዎችዎ የዋዛ መሰሉዎት? ቀድሞ ከመድረስ የሚቀል ዘዴ አገኙ። ታማሚ ነርስ የሚጠራበትን የደወል ገመድ ከየአልጋው አንስተው ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቀሉት። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እርስዎም ዋንጫ ሸለሙ።

ሁለተኛ፣ እዚያው ክፍል የተኛችው እናቴ ሽንት ቤት የሚያደርሳት ሰው አጥታ ብትጣራ፣ ተማሪዎችዎ «እማማ፣ ትንሽ ይታገሱ፣ ውድድር ላይ ነን» ስላሏት። ታገሰች፣ ታገሰች፣ ራሷ ተነሣች፣ ዳሌዋ ተሰበረ። እስካሁን «ሰው ላላስቸግር ብዬ እኮ ነው ልጄ» ትለኛለች፣ ጥፋቱ የሷ ይመስል።

ሦስተኛ፣ ቢሮዎ መጥቼ ስጮህ፣ ከወንበርዎ እንኳ ሳይነሡ «የኔ ልጅ፣ መውደቅ በዚህ ዙር አይቆጠርም» ብለው በትዕግሥት ስላስረዱኝ። ለካ የናቴ ዳሌ ቸኩሎ ነው፣ ዙሩን መጠበቅ ነበረበት!

ገመዱ ዛሬም ሚስማሩ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ዙር ተጀምሯላ። አውርጄ እጇ ላይ አስይዛታለሁ፣ የጠያቂ ሰዓት ሲያልቅ ጥበቃው ያስወጣኛል፣ ስመለስ ተሰቅሎ አገኘዋለሁ። ቆማ ያልደረሰችበትን ተኝታ እንዴት ትድረስበት? መቼም ለዚህም ጨዋታ አያጡም።

እንደ ደወላችን ከፍ ብለው፣ የሰው እጅ የማይደርስብዎት ቦታ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ (እኔ እንኳ ወገብ አለኝ) እጅ እነሣለሁ።

መስኮቱ ሥር የተኛችው ሴትዮ ልጅ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዋንጫውን ከመግቢያው መስታወት ሣጥን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይጠረጥሩ። እናቴ ጋ ነው። ሰው ስትፈልግ በማንኪያ ትደበድበዋለች፤ ከነርሶቹ አልፎ ጥበቃው ድረስ ይሰማል። ደወል ስላልሆነ አይቆጠርም፣ አይስጉ። እና ከላይ የተመኘሁልዎትን ጤና ሰርዤዋለሁ፤ ይታመሙና አሸናፊው ቡድን ያስታምምዎት።