ጠረጴዛዎ ላይ እርስ በርስ ስለሚላላኩት ሁለት መሣሪያዎች

ለተከበሩ የማረሚያ ቤቱ ዋና አስተዳዳሪ፤

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዲበዛ፣ ቤትዎ እንዲሞላ፣ ወላጅ እናትዎም በሕይወት ካሉ ዕድሜያቸው እንዲረዝም ከልብ እመኛለሁ። እኔም «ደህና ነኝ» ብዬ ልጽፍልዎ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ልጄ እርስዎ ዘንድ ታራሚ ነው፤ እናቱን፣ ባለቤቴን፣ በቅርቡ ቀብሬያታለሁ። ደጅዎ እግሬ እስኪቀጥን ብመላለስም እርስዎን ከስብሰባ መካከል ማግኘት ስላልቻልኩ፣ ምስጋናዬን በጋዜጣ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1ኛ. ስለ ደንብዎ ጥብቅነት አመሰግናለሁ። ሐኪሞቹ ተስፋ በቆረጡ ጊዜ ባለቤቴ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇን ማየት። ልጃችን ተጣልቶ ሰው አቁስሎ ቤት በተደበቀ ጊዜ እጁን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ያደረሰችው እሷው ራሷ ናት። ከፍርዱ በኋላ ግን ዓይኑን ማየት ፈራች፤ ልትጠይቀው ዛሬ ነገ ስትል አልጋ ያዛት። «ተቀይሞኝ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ከበሽታው ብሶ አንጀቷን በላው። እኔም የሐኪሙን ማስረጃ፣ ማኅተሙ ገና ሳይደርቅ፣ ይዤ፣ ልጄ በአጃቢ ወጥቶ እንዲያያት ፈቃድ ልጠይቅ እየሮጥኩ መጣሁ። ጸሐፊዎ በትሕትና ተቀብላኝ፣ «አባባ፣ በእጅ የመጣ አንቀበልም፤ አስመስለው የሚሠሩ አሉ፤ ሆስፒታሉ ራሱ በፋክስ ይላክልን» አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ ወረቀቱ በእጄ ነበር፤ የፋክስ መሣሪያውም ከክርኔ አጠገብ ነበር።

2ኛ. ስለ ስልክዎ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። የሆስፒታሉ የመዝገብ ሠራተኛ ዓይኔ እያየ ላከች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳው ጠፋ። በማግስቱም ላከች፣ በሦስተኛውም ቀን። በሌላው ቁጥርዎ ስደውል «ምንም የገባ ነገር የለም» ተባልኩ፤ እውነታቸውን ነው፣ ምንም አልገባም። ባለቤቴ ግን ወረቀቱ መላኩን ብታምንም አለመድረሱን ማመን አልቻለችም። «ቢፈልግ ኖሮ ይመጣ ነበር» ትለኛለች። ብምል ብገዘት «አንተ ደግሞ ለማጽናናት ነው» ብላ ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች። ፊቷ ወደ በሩ እንደዞረ ሞተች።

3ኛ. ስለ ዘመናዊነትዎ እንዴት አድርጌ እንደማመሰግን አላውቅም። መርዶውን ለልጄ ልነግር በመጣሁ ዕለት በጸሐፊዎ ክፍል ተራ እየጠበቅሁ ሳለ፣ ሁሉም «ኢንጂነር» የሚሉት የኮምፒውተር ባለሙያዎ ሥራውን አስጎበኘኝ። የፋክሱን ገመድ፣ እኔ ወረቀቴን ይዤ ከመምጣቴ በፊት፣ ከግድግዳው ነቅሎ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሞደም የሚሉት ነገር ላይ ሰክቶታል። የስልክ መስመር አያስፈልግም፤ ፋክሱ ውስጥ የገባ ወረቀት ሥዕሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል። በሁለቱ መካከል የሚደወል ደወል ስለሌለ ግን አንዱ «ላክ»ን፣ ሌላው «ተቀበል»ን እኩል መጫን አለባቸው። እሱና ጸሐፊዎ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ተጫኑ፤ መሣሪያዎቹ ተንጫጩ፤ የሠራተኞች የእግር ኳስ ውድድር ፕሮግራም ወለል ብሎ ታየ። እሰየው! እኔ ስለ ሽቦ የማውቀው የፀጉር ማሽኔን መሰካት ብቻ ነው፤ በድፍረት ግን «ከውጭ ሰው ሲልክስ በየት በኩል ይገባል?» ብዬ ጠየቅሁ። ኢንጂነሩ ገመዱን አየ፣ እኔን አየ። ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር ገባ፤ ገመዱን ግድግዳው ላይ መልሶ ሰካና «ይቅርታ አባባ» አለኝ። እሱን እንዳይቀጡብኝ። ቢያንስ እሱ አፍሯል።

ወይ ነዶ! ያ መሣሪያ የእኔን ወረቀት በአንድ ትንፋሽ ኮምፒውተርዎ ውስጥ ሊከትልኝ ይችል ነበር። «በእጅ አንቀበልም» ሲባል አጠገቡ ቆሜ ነበር እኮ!

4ኛ. ለልጄ በሽቦው አጥር ማዶ ሆኜ ነገርኩት። ወረቀቱን ባመጣሁ ዕለት «እናትህ ልታይህ ትፈልጋለች፤ ፈቃዱ ይመጣል» ብዬው ስለነበር፣ ሸሚዙን እያጠበ በየማለዳው ይለብስ ኖሯል። አላለቀሰም። «እኔ እኮ ሐሳቧን ቀይራ ነው፣ አላይህም ብላኝ ነው ብዬ ነበር» አለኝ። ከዚህ በኋላ ምን እንደተባባልን አላስታውስም፤ ሰዓት አልቋል ተብሎ ተለያየን። ለዚህኛው ምስጋና ቃል አጣሁለት።

በመጨረሻም ቢሮዎ ይበልጥ እንዲዘምን፣ ስብሰባዎ እንዲሰምር፣ መሣሪያዎችዎም እርስ በርስ ሲላላኩ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣

ከታላቅ አክብሮትና ከተቃጠለ አንጀት ጋር፣
ባለቤቱ በር በሩን እያየች የሞተችበት ፀጉር አስተካካይ

ማሳሰቢያ፦ ገመዱ ወደ ግድግዳው በተመለሰ ማግስት፣ የባለቤቴን መሞት ያልሰማችው የመዝገብ ሠራተኛ እንደገና ሞክራ ኖሮ ወረቀቱ ደርሶልዎታል። ትናንት ደግሞ መልስዎ መጣ፤ ልጄ በአጃቢ ወጥቶ እናቱን ለሁለት ሰዓት እንዲጎበኝ ተፈቅዶለታል። እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ፈቃድ አደራ እንዳይሰርዙት፤ የሚቀየረው አድራሻው ብቻ ነው። ሆስፒታሉን አልፎ ባለው መካነ መቃብር፣ ከግንቡ አጥር ሥር፣ አፈሩ ገና ያልደረቀው እሷ ናት። አጃቢው እንዳይቸገር እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። የአድራሻ ለውጡንም ሆስፒታሉ በፋክስ ያረጋግጥ የሚሉ ከሆነ፣ ክቡርነትዎ፣ እባክዎን አስቀድመው ገመዱን ይዩልኝ።