ቤታችን ከፍ ያለበት ማክሰኞ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ፣ ስልክ በደወልኩ ቁጥር «አባባ፣ ክፍል ውስጥ ነኝ» እያልሽ ለምትዘጊብኝ የልጅ ልጄ፣ ለቁንጫዬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ከባድ ጉዳይ በይፋ ላስታውቅሽ እገደዳለሁ። ተቀምጠሽ ከሆነ መልካም፤ ቆመሽ ከሆነ የሆነ ነገር ያዢ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ይህ ያደግሽበት ቤት ከነጣሪያው፣ ከነጓዳው፣ ከነአያትሽ መቶ ጫማ ያህል ወደ ሰማይ ከፍ ብሏል። የሞተም የቆሰለም የለም። አያትሽ በዚያ ሰዓት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ዓይኗ ያነባውም በሽንኩርቱ እንጂ በከፍታው አይደለም።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ በብርድ የሚነሳብሽ ሳል ተወሽ ወይስ አብሮሽ የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ገባ? እንቅልፍሽስ? ምግብሽን ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ በር ላይ ቆመሽ ነው የምትጎርሺው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል፤ እኔም መልሼ አጉረመርምበታለሁ፤ እንዲህ እየተጨቃጨቅን ላይ እንደርሳለን። ጥርሴ ካለፈው ደብዳቤ ወዲህ አልቀነሰም፤ ለመቀነስም ብዙ የቀረው የለም።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ጡረታ ስወጣ ከአንዲት አሮጌ አውሮፕላን ነቅለው የሸለሙኝን የከፍታ መለኪያ ታስታውሻለሽ፤ አሁንም መስኮቱ ጋ፣ መደርደሪያው ላይ፣ በሬዲዮኑና በስኳር ዕቃው መካከል ተቀምጧል። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እንደምነግራቸው ይህ መሣሪያ ከፍታ የሚባል ነገር ከነጭራሹ አያውቅም። የሚያውቀው የአየርን ክብደት ብቻ ነው። ሆዱ ውስጥ ቀጭን ባዶ ቆርቆሮ አለች፤ አየሩ ሲቀላት ትነፋለች፣ ሲከብዳት ትጨመቃለች፣ መርፌውም እሷን ተከትሎ ይዞራል። ወደ ላይ ስንወጣ አየሩ ስለሚሳሳ «ወጣን» ይላል። እቤታችን ቁጭ ብለን የአየሩ ጠባይ ሲለወጥም ያው «ወጣን» ነው የሚለው። አብራሪ ከመነሳቱ በፊት የዕለቱን የአየር ግፊት ጠይቆ የሚያስተካክለው ለዚህ ነው። አያትሽ ግን የምታስተካክለው ነገር የላትም፤ ለእሷ የልብስ ማስጫ መሣሪያ ነው፤ «ወጣን» ካለ ዝናብ መጣ ትላለች። ማክሰኞ ጠዋት ከጓዳ ሆና «ስንት ደረስን?» አለችኝ። «መቶ ጫማ ወጣን» አልኳት። ቢላዋዋን ጣለችና ወደ ጓሮ ሮጠች። የመጨረሻውን አንሶላ ይዛ ደጃፉን ስትረግጥ ዝናቡ በባልዲ እንደሚደፉት ወረደ። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ የታጠበ ልብስ በስብሶ ቀረ። አያትሽ በመስኮት እያየች «እኔ እንኳን በሰው አልስቅም» አለችና ሳቀች።

አሁን ስለ ሥራዬ። ሥራ ስልሽ አትሳቂ። የበረራ መሣሪያ የሚያስተምረው መምህር ወገቡን አሞት ስለተኛ እዚህ ሳስተምርበት የኖርኩት የበረራ ትምህርት ቤት «እስኪሻለው ብቻ» ብሎ መልሶ ጠራኝ። እኔም ለወጉ ያህል «እስቲ ላስብበት» አልኩ፤ እያሰብኩ ሳለ ግን እግሬ ጫማ አጥልቆ ነበር። ያው የድሮው ክፍል ነው። ወንበሮቹ ይንቋቋሉ፣ መስኮቱ አይዘጋም፣ በእጄ የቀባሁት ትልቁ የመሣሪያ ሰሌዳም ግድግዳው ላይ አለ፤ ከእንጨት የሠራኋቸውን መርፌዎች ዛሬም በጣቴ እየገፋሁ አዞራቸዋለሁ።

ከተማሪዎቼ አንዱን «እርግጠኛው» ብዬዋለሁ። ስለማያውቀው ነገር ሲጠየቅ እንኳ እርግጠኛ ነው። ደመና ውስጥ ስትገቡ ዓይናችሁ ከመርፌዎቹ አይነቀል፣ ምድርና ሰማይን የሚለይላችሁ ይህ ሰው ሠራሽ አድማስ የተባለው መሣሪያ ነው ብዬ ሳስረዳ እጁን አወጣ። «መምህር፣ እኔ እኮ አውሮፕላኑ ሲያዘነብል በመቀመጫዬ ይታወቀኛል» አለ። «ልጄ፣ መቀመጫህ የተፈጠረው ልትቀመጥበት ነው፤ መንገድ ከጠየቅከው ያሳስትሃል» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እንደ እልኸኛ በግ እግሩን ተከለ።

ለማያምን ተማሪ አንድ መድኃኒት አለኝ፤ የሚሽከረከር ወንበር። በግቢው ውስጥ ሳይንቋቋ የሚዞረው የዳይሬክተሩ ወንበር ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ለስብሰባ እስኪወጣ ጠብቄ ተዋስኩት። ባለቤቱ በሌለበት መዋስ ሌላ ስም እንዳለው አውቃለሁ፤ ለሽማግሌ ግን ብዙ ነገር ይታለፋል። እርግጠኛውን አስቀምጬ ዓይኑን በሻርፔ አሰርኩና ወደ ቀኝ ማዞር ጀመርኩ። ሳላፈጥን ሳላዘገይ እኩል ሳዞረው ጥቂት ቆይቶ «አሁን ቆመናል» አለ። እየዞረ ነው። ከዚያ ወንበሩን ቀጥ አድርጌ ያዝኩት። «አሃ፣ አሁን ደግሞ ወደ ግራ እያዞሩኝ ነው» አለና የወንበሩን ክንድ ጨመደደ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ ቆመሃል» ይሉታል፤ «እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ የምዞረው እኔ» ይላቸዋል። ሻርፑን ስፈታለት ግድግዳው ቆሟል፣ እሱም ቆሟል።

ይኼኔ ዳይሬክተሩ ወንበሩን ፍለጋ መጣ። እኔው ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ ከረባቱ ሆዱ ላይ ተኝቶ ይውላል። ነገሩን ሲሰማ «እኔ ላይ እንኳን አይሠራም፤ ስንት ዘመን በርሬያለሁ» አለ። ተማሪ ፊት የተባለ ነገር አይመለስምና ተቀመጠ። ዓይኑን አሰርኩ፣ አዞርኩት፤ እየዞረ ሳለ «የጫማህ ክር ተፈቷል» አልኩት። ጎንበስ አለ። በሚዞር ወንበር ላይ ዓይኑን ታስሮ ያጎነበሰ ሰው ዓለም በአፍጢሟ ትደፋበታለች። አጅሬም ከነከረባቱ እንደ ዱቄት ጆንያ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ጉዳት የደረሰበት ክብሩ ብቻ ነው። ተነስቶ አቧራውን አራገፈና «ይህ ወንበር ጥገና ይፈልጋል» ብሎ እየገፋ ሄደ፤ ሲሄድም በሩን ስቶ ከመቃኑ ጋር ተሳለመ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም የሄድኩት ወደ አንቺ ለመድረስ ነው። በስልክ ብጀምረው «ክፍል ውስጥ ነኝ» ትዪኛለሽ፤ ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም።

አውቄያለሁ፣ ቁንጫዬ። ማክሰኞ ዕለት አያትሽ አንሶላዎቹን እንዳስገባች አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጠችኝ፣ ሌላውን እሷ ያዘች፣ ልናጥፍ። በስልክ ያልሻትን ሁሉ እናትሽ «ለአባባ እንዳትነግሪ» ብላ ነግራታለች፤ አያትሽም ምላላታለች። በአያትሽ አፍ ባቄላ እንደማይርስ ታውቂያለሽ፤ መሐላዋን ግን ታከብራለች። ስለዚህ ለእኔ አልነገረችኝም፤ ለአንሶላው ነገረችው። «አንሶላዬ፣ ያቺ ልጅ የመሣሪያ በረራ ፈተናዋን ወድቃለች። ድጋሚው የሚመጣው ወር የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። እሷ ግን አልፈተንም፣ ሻንጣዬን ይዤ እመለሳለሁ፣ የመሣሪያ መምህር የልጅ ልጅ ሆኜ በመሣሪያ ወድቄ አባባን አሳፈርኩት ትላለች» አለችው። አንሶላው ምንም አልመለሰም። እኔም አንሶላ አይደለሁምና አልሰማሁም።

እንዴት እንደወደቅሽ ስትነግረው ግን አልቻልኩም፤ ሳቄ አመለጠኝ። አያትሽ በትራስ ልብስ መታችኝ። ምድር ላይ ወዳለው የሬዲዮ ጣቢያ በመርፌው እየተመራሽ ሂጂ ተባልሽ። መርፌው ወደ ቀኝ ሲሄድ ተከተልሽው፣ ራቀሽ፤ አሁንም ተከተልሽው፣ ጭራሽ ራቀሽ። በመጨረሻ ፈታኙ «እንዲህ አሳምሮ የጠፋ ተማሪ አይቼ አላውቅም» አለሽ አሉ። መሣሪያው ላይ የምትሄጂበትን አቅጣጫ ገልብጠሽ ስለሞላሽው መርፌውም ተገልብጦ ነበር የሚያወራሽ፤ «ቀኝ» ሲልሽ መንገድሽ ግራ ነበር። ይህን የምትነግርሽ እዚያው መርፌው አጠገብ ያለችው ትንሿ መስኮት ነበረች፤ «ወደ ጣቢያው» ወይም «ከጣቢያው» ትላለች። አንቺ መርፌ ስታሳድጂ እሷን የሚያያት ጠፋ።

ለምን እንደሳቅኩ ልንገርሽ። ከዚያ ማክሰኞ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ተማሪዎቼን ጣቢያው የቆሻሻ ቅርጫቱ ነው፣ እኔ መርፌው ያለበትን እየጮህኩ ስነግራችሁ በእግራችሁ ሂዱ ብያቸው ነበር። አቅጣጫውን ሆን ብዬ ገልብጬ ሰሌዳው ላይ ሞላሁት፤ ትንሿ መስኮትም «ከጣቢያው» እንደምትል እዚያው በግልጽ ተጽፏል። ማን ይያት። እርግጠኛው ፊት ወጣ፣ ሌሎቹ ተከተሉት። «ቀኝ» እላለሁ፣ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፤ «አሁንም ቀኝ» እላለሁ፣ ይሄዳሉ። ቅርጫቱን ከኋላቸው ትተው በበሩ ወጡ፣ ኮሪደሩን አለፉ፣ ድምፃቸው ጠፋ። ወሬያቸው የመጣልኝ ከምግብ ቤቱ አስተናጋጅ ነው። «መምህር፣ አውሮፕላኖችዎ እኛ ጋ አርፈዋል፤ ሻይ አዘዋል» ብላ ላከችብኝ።

ከዚያ ወዲህ ክፍሌ ውስጥ ጣቱን መስኮቷ ላይ አድርጎ «ወደ ነው ወይስ ከ?» ብሎ ጮክ ብሎ ሳይጠይቅ መርፌ የሚከተል የለም። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ፈታኙ ቢስቅ ይሳቅ፤ እየሳቀ ማርክ የሚሰጥ ፈታኝ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው።

ስለ እፍረቱም እንነጋገር። ቤቴ ሰማይ ወጣ ብዬ ደብዳቤ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ እፍረት ከየት ተበድሬ ላፍርብሽ? «አልችልም፣ እመለሳለሁ» የሚልሽ፣ እርግጠኛው የራሱን እንደሚያምነው ያለ፣ ያው መቀመጫሽ ነው። ወንበሩ ቆሟል፣ ልጄ፤ የሚዞር የሚመስልሽ አንቺን ነው። መመለስ ካማረሽ ደጁ ክፍት ነው፤ ተፈትነሽ ተመለሺ። ብትወድቂም የወደቀች ትገባበታለች፣ ብታልፊም ያለፈች ትገባበታለች፤ ሳትሞክር የመጣችዋን ግን አያትሽ አንሶላ ስታሳጥፍ ነው የምታውላት።

አያትሽ በጣም አድርጋ ትስምሻለች፤ ወፍራም ካልሲ አድርጊ ትላለች፤ ለእኔም ምንም ነገር እንዳልነገረችኝ መስክርልኝ ብላለች፤ ይኸው መስክሬያለሁ። እናትሽ ትስምሻለች፤ ማወቄን አታውቅምና ደስታዋን አታበላሺባት። ታናሽ ወንድምሽ ሰላም ብሎሻል፤ ክፍልሽ ውስጥ ከነጊታሩ ስለገባ ፈተናውን እንድታልፊ ከሁላችንም አብልጦ የሚጸልየው እሱ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሰላም ትልሻለች። ዳይሬክተሩም በደንብ ተደግፎ ቆሞ ሰላም ብሎሻል። እርግጠኛው አያውቅሽም፤ ግን እንደምታልፊ እርግጠኛ ነው።

ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር። ከዚህ ሁሉ ወሬ አንዱን ፈጥሬዋለሁ። ዳይሬክተሩ እውነት ወድቋል፣ አውሮፕላኖቼም እውነት ሻይ ጠጥተዋል። የፈጠርኩት ዝናቡን ነው። ማክሰኞ ዕለት አንዲት ጠብታ አልወረደችም። የልብስ ሰፊዋ የታጠበ ልብስ ደርቆ እንደ ብራና ሲንኳኳ፣ አያትሽ ሳይደርቁ ያጠፍናቸውን አንሶላዎች ዘርግታ እንደገና አውጥታ አሰጣች፤ ሰፊዋም በአጥር ላይ አንገቷን አውጥታ «ምነው፣ ዛሬ ቤታችሁ አልወጣም እንዴ?» አለቻት። እኔ ያንን የከፍታ መለኪያ ልቆጣው ፊቱ ቆሜ ነበር። ግን ምን ብዬ? እሱ «አየሩ ቀሏል» አለ እንጂ «ይዘንባል» አላለም፤ አየሩም በእርግጥ ቀሎ ነበር። ዝናቡን የጨመርንበት እኛ ነን። የአንቺም ፈተና የተናገረው «ያን ቀን ትንሿን መስኮት ሳታይ ሄደች» ብቻ ነው። የቀረውን፣ «አልችልም፣ አሳፈርኩት» የሚለውን ዝናብ ያወረድሽው አንቺ ነሽ። ያን ሐሙስ ጠዋት ልብስሽን አስጥተሽ ሂጂ።

የሚወድሽ አባባ
ከቤታችን፣ ወደ ቦታው ተመልሶ ከወረደ በኋላ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ