በደቂቃ ስንት ዙር?

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጠዋት ዜና አንባቢው “ትናንት ድምፄን አቀጠንሽው” ብሎ ተቆጣኝ። ጉንፋን ይዞት ነው። የሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሺያን ሆኜ የሰው ጉሮሮም የኔ ጥፋት ሆነ።

ከሰዓት ጋሼ መጣ። የእናቴ ወንድም። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ እዚህ ግን... ማን ያየኛል? ብብቱ ስር የብስኩት ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ውስጥ በጥጥ የተጠቀለለ የሰም ሲሊንደር፣ የድሮ ዘመን የድምፅ ቅጂ። ከውሃ ብርጭቆ አይበልጥም። አባቱ በፎኖግራፍ ቀንድ ውስጥ የዘፈነው እሹሩሩ ነው፣ ቤተሰቡ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። እንዴት አያውቅ? በየሰርጉ፣ በየልደቱ ጋሼ በጎረምሳነቱ ከሰሙ የቀዳውን ካሴት ይከፍትብናል። እንደ በሬ የሚያጓራ እሹሩሩ። ስንት ሕፃን አስለቅሷል!

አሁን የሙዚቃ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነውና አዲሱን አዳራሽ በአባቱ ስም አሰይሟል። የሚመረቀው የፊታችን ቅዳሜ ነው... አይ፣ የሚቀጥለው።

“ከዋናው በጥራት ቅጂልኝ። አደራ፣ ልክ እንደ ካሴቱ ይሁን” አለ።

እሺ ጌታዬ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ሰሙን በለስላሳ ብሩሽ አጸዳሁ። ቀላል መርፌ መረጥኩ፤ ይሄ ነገር በተጫወተ ቁጥር ይፋቃል። ማሽኑን ከካሴቱ ጋር እስኪገጥም አዘገየሁት። በደቂቃ መቶ አስር ዙር! ዘፈኑ በሽተኛ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ይመስላል።

የተለመደው መቶ ስድሳ ነው። ወደዚያ ከፍ ባደርገው... በሬው ጠፋ። ሴት ወጣች። ቀጭን፣ ጥርት ያለች።

ደወልኩለት። “እኔንም አፍጥነሽ ብታዞሪኝ ልጃገረድ እሆናለሁ” አለኝ።

የቤት ቀጂዎች ሰሙ ላይ ብዙ እንዲገባላቸው ማሽኑን ያዘገዩት ነበር። በየትኛው ፍጥነት እንደቀዱት ሰሙ ላይ አልተጻፈም። የተናደድኩት ደግሞ ልክ ሊሆን ስለሚችል ነው።

“በቃ ወንድ አድርጊው” አለ።

“ጋሼ፣ እኔ የምነካው ፍጥነቱን ብቻ ነው።”

ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ከዘፈኑ በፊት አንዲት አጭር “ጢ...ጥ” አለች። ጭረት መስላኝ ነበር። ጭረት አይደለችም! የድሮ ቀጂዎች መጀመሪያ መቃኛ ፊሽካ ይነፉ ነበር፤ ኋላ የሚያጫውተው ሰው ፊሽካዋን ነፍቶ ፍጥነቱን እንዲያስተካክል። ግን ፊሽካዋ የት አለች?

አክስቴ ጋ ሄድኩ፣ የጋሼ ታላቅ እህት። ስነግራት የቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ከቁልፎቹ መሃል አንዲት የናስ ፊሽካ።

“አባባ ነፋት፣ እማማ ዘፈነች። እኔ ጠረጴዛው ስር ነበርኩ።”

“እና ለጋሼ አትነግሪውም?”

“ስንቴ ልንገረው? ‘አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ’ ይለኛል። እሱ እኮ አልተወለደም!”

በሳቅ ሞትኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

አክስቴን፣ እትዬን፣ ስቱዲዮ አመጣኋት። እሷ ትነፋለች፣ እኔ የፍጥነት ማዞሪያውን እነካካለሁ። ወፈረ... ቀጠነ... ገጠመ። መቶ ሃምሳ ስምንት።

አያቴ ናት። አለቀ።

ከፍ ስትል ድምፁ ራቅ ይላል። “አባባ ትከሻዋን ይዞ ወደ ኋላ ይስባታል፣ መርፌው እንዳይዘል” አለች እትዬ። “ዝቅ ስትል ይገፋታል። ሆዷ ጠረጴዛውን እየነካ አስቸገራቸው። ጋሼሽን አርግዛ ነበር።” ከዚያ አለቀሰች።

አያቴ እሱን ወልዳ ሳትጠነክር ነው የሞተችው። ድምፅዋን ሰምቶ አያውቅም ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማት ኖሮ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ነገርኩት። እሱም፣ “ካሴቱ ይበቃኛል። አንቺም አትድከሚ፣ ምረቃው ላይ አትምጪ።”

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ሄድኩ። ምን ቆርጦኝ ነው የምቀረው? ትክክለኛውን ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ።

በሩ ላይ የእብነ በረድ ሰሌዳ፦ “የመጀመሪያው ድምፃዊ”። ጋሼ ደረቱን ነፍቶ ስለ አባቱ ግርማ አወራ፣ አወራ፣ ከዚያ ካሴቱን ከፈተው። በሬው አጓራ። የማኅበሩ ጸሐፊ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ተመስጦ ሞቷል!

ከፊት ወንበር ፊሽካ ተነፋ።

እትዬ ቆማለች። “ፍጥነቱን አስተካክል። እናታችንን አታስጓራት።”

ሰው ሳቀ። እሷ ቀጠለች፦ “ላንተ ነው የዘፈነችው። ሆዷ ውስጥ ሆነህ።”

ሳቁ ቆመ። ጋሼ ካሴቱን ዘጋ። እኔን ይጠራኛል ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። አልጠራኝም። ንግግሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና ተቀመጠ። ጸሐፊው “ወደ ቀጣዩ መርሐ ግብር እናልፋለን” አለ።

አሳዘነኝ። እኔን! ጋሼ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ጋሼ ስቱዲዮ መጡ። ያለ ክራቫት። በሩ ላይ ቆመው የማሽኖቹን ቁልፎች ሲቆጥሩ ቆዩ።

“የበሩን ሰሌዳ እንዲቀይር ሠሪውን ለነገ ቀጥሬዋለሁ” አሉ። እስካይ አላምንም።

“ይግቡ እንጂ፣ ይቀመጡ።”

ተቀመጡ። “ያቺን... ክፈቺልኝ።”

“የቷን ጋሼ?” የክፋቴ ክፋት። አውቄ ነው።

“የእናቴን።”

ከፈትኩላቸው። ጢ...ጥ። ከዚያ እሷ። ፍጥነቱ እንዳይዛባ ብዬ ማዞሪያውን በጣቴ ይዣለሁ። ከፍ አለችና ከቀንዱ ራቀች፤ ወንድ አያቴ ትከሻዋን ሲስባት። ጋሼ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ድምፅ ማጉያው ተጠጉ።

ሲያልቅ ቀና አላሉም።

“ድገሚው” አሉ።