አራቱ ባዶ ሳምንታት

ልጄ ፍቅረሥላሴ፣ በባሌ ብርድ ያሳደገችህ እመቤቴ እዚያ በሰው አገርም ጥላ ትሁንህ። እኔ ደህና ነኝ። እህትህ ጸሎት ለሥራ ጎሮ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ሬዲዮኑን ለድምፁ ብዬ ከፍቼው እውላለሁ። ስንዴው ጥሩ ይዟል፤ ዝናብ አጨዳ ላይ እንዳይመጣ ብቻ እንጸልያለን።

ቅዳሜ ጎረቤታችን ሀይሚ የቡድንህን ቁጥሮች ከኢንተርኔት አትማ አመጣችልኝ። "እትዬ ሸዋርጋ፣ የሒሳብ አስተማሪ አልነበሩ? እስቲ ያስሉት" አለችኝ። በእጅ ይዛችሁ የምትሮጡት ኳስ ባይገባኝም ቁጥር ይገባኛል። ቋሚው ተሰላፊ መቶ ሰማንያ ጊዜ ሮጦ ስምንት መቶ አሥር ያርድ ሄዷል፤ በአማካይ አራት ተኩል። ተጠባባቂው አንተ በሠላሳ ስድስት ሩጫ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት፤ በአማካይ ስድስት! "ልጄ ይበልጣል!" ብዬ እልል ልል ነበር። ግን ሠላሳ ስድስት ሩጫ ለፍርድ ያንሳል፤ ደግሞም አንተ የምትገባው እሱ ተጋጣሚዎቹን ካደከማቸው በኋላ ይሆናል።

ቀጥዬ የየሳምንቱን ሳይ፣ በመጨረሻዎቹ አራት ጨዋታዎች ከስምህ ፊት ያለው ዜሮ ብቻ ነው። በነዚያው ሳምንታት ስደውል "እየተጫወትኩ ነው" ትለኝ ነበር። ሀይሚ ፊቴን እንዳታይ ወረቀቱን አጥፌ ተነሣሁ።

አልተቆጣሁህም። አባትህም እንዳልጨነቅ ብሎ ሕመሙን ደብቆኝ ነው ያረፈው፤ ሁለተኛ ግን አልችልም። እግርህም ከሆነ፣ አሰልጣኙም ከሆነ፣ እሁድ ደውልና እውነቱን ንገረኝ። እኔ የምፈልገው አንተን እንጂ ያርዱን አይደለም።

አምላክ አጥንትህን አንድ በአንድ ይጠብቅልኝ።

እናትህ ሸዋርጋ፣ ከሮቤ