ከአፍሽ ያልወረደው ቋሊማ

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉሮሮሽስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም እንደዚህ ሰሞን ደህና ሆኜ አላውቅም። ብዕር ያነሳሁት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለዘጋሽው ነው። «የልጄን ድግስ አበላሸችው» ብለሽ ለእናታችን አልቅሰሽላታል አሉ። እህት ዓለም፣ ድግስ እንዴት እንደሚበላሽ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ አለ እንዴ?

እናታችን ጡረታ ስትወጣ መሥሪያ ቤቷ አዳራሽ የደገስንላት ቀን ትዝ ይልሻል? የልጅሽ አባት ጥሏችሁ ሄዶ፣ ልጅሽን ይዘሽ እናታችን ጋ የተጠጋሽበት ጊዜ ነበር። እኔ ቋሊማና ቺዝ በሊጥ ጠቅልዬ ጋገርኩ፣ አንቺ በማዮኔዝ የታሸ የእንቁላል ሰላጣ ይዘሽ መጣሽ። ድግሱ ሳያልቅ እንግዳው ሆዱን ይዞ ይንከባለል ጀመር። አማቴ ልትሆን የነበረችው ሴትዮ ሐኪም ቤት ገባች። አንቺም አዳራሹ መሀል ቆመሽ፣ «የእሷ ቋሊማ ነው! ጥሬውን አብልታን ነው!» አልሽ።

ሰው አመነሽ። እጮኛዬም አመነሽ። «እናቴን ልትገድያት ነበር» ብሎኝ በዚያው ቀረ። ለግብዣ የሚያሠሩኝ ደንበኞቼ አንድ በአንድ ራቁኝ፤ ዘመድ አዝማዱ ዛሬም ድረስ በሌለሁበት «ጥሬዋ» ይለኛል። አንቺ ግን ዓመት ሳይሞላ አገባሽ። ሠርግሽ ላይ ለምን እንደቀረሁ ማንም አልጠየቀኝም።

ባለፈው ወር ልጅሽ የምሠራበት ምግብ ቤት መጣች። ለቀለበቷ ድግስ መክሰሱን እንድጋግርላት ለመነችኝ። እናትሽ ታውቃለች ወይ ብላት፣ «ስትበላው ታውቃለች» አለችኝ። ለካ ልጅቷ አድጋለች! እውነቱን ልንገርሽ፣ እሺ ያልኩት በፍቅር አይደለም። ስትበዪ ላይሽ ፈልጌ ነው።

አቤት እንዴት እንደተጠበብኩበት! ቋሊማውን በአጭር በአጭሩ ቆረጥኩ፣ ቺዙን ከጎኑ አጋደምኩ፣ በስስ ሊጥ ጠቀለልኩት፣ ጀርባውን እንቁላል ቀብቼ ሰሊጥ በተን አደረግኩበት። ከምድጃው ሲወጣ ቺዙ በየጫፉ ሾልኮ ይንጨረጨራል። አስተናጋጆቹ ትሪውን ይዘው ሲወጡ እኔ በወጥ ቤቱ በር ስንጥቅ አንቺን አያለሁ። በላሽ። ደገምሽ። ለአዲሶቹ አማቾችሽ አቀብለሽ አሁንም አነሳሽ። «ይህቺን ባለሙያ ጥሩልኝ እስቲ፣ ላመስግናት!» ስትዪ ድምፅሽ እኔ ጋ ደረሰ።

ሽርጤን እንደታጠቅኩ ወጣሁ። ስታዪኝ ጉንጭሽ እንዳበጠ ቀረ፤ አትውጪው፣ አትተፊው። የሙሽራው እናት «ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» ብትልሽ ጉርሻውን ወደ አንድ ጉንጭሽ ገፋ አድርገሽ፣ «ኧረ አላውቃትም!» አልሽ።

ስንት ዓመት ሙሉ ለአንቺ የሰነቅኩት ስድብ ነበረኝ። ልጀምረው ስል ግን ቀደሙኝ።

ልጅሽ ናት ብርጭቆዋን ያስቀመጠችው። «አክስቴ ናት» አለች፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ። «እማዬ፣ ያን ቀን ፀጉር ቤት ፀጉርሽን ስትሠሪ ሰላጣው መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። አጠገቡ ሆኜ ስጠብቅሽ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሸተተኝ ብልሽ ዝም በይ አልሽኝ። ዝም አልኩ። ከእንግዲህ ግን አልችልም።»

ትሪዬን አነሳሁና ለአማቾችሽ ደግሜ አዞርኩላቸው። ወሰዱ። ሁሉም ወሰዱ። አንቺ አፍሽን በመሐረብ ይዘሽ ስትወጪ አንድም ሰው አልተከተለሽም። ይህን ነው እንግዲህ አበላሸች የምትዪው? እኔስ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ድግስ አላየሁም።

ባለቤትሽ ብቻ ነው ከትሪዬ ያላነሳው። እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ትሪዎቼን ሳጥብ ወጥ ቤት መጣ። በሩን ተደግፎ እናቱ ሐኪም ቤት የገባች ዕለት ከየትኛው ሳህን እንደበላች ጠየቀኝ። ነገርኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቤት ሲገባ ዓይኑ ቀልቶ ያየሽው እንደሆነ በሽንኩርት አይደለም። ሌላ የተባባልነውን እሱ ይንገርሽ፤ ካልነገረሽም እኔ አልነግርሽም።

ለልጅሽ ትዳሯን የሰመረ ያድርግላት። ለእናታችን ዕድሜ ይስጥልን። ለአንቺም እንቅልፍ ይስጥሽ።

ታናሽ እህትሽ